ፓራንጃው ሲነድ

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ዛሬ ወደ ኡዝቤኪስታን ልውሰዳችሁ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1927 ነው። የቡኻራ ገዢ የነበረው አሚር ከተባረረ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቦልሼቪኮች፣ የሩሲያ ኮሚኒስቶች፣ ቤተ መንግሥቱን ይዘዋል፤ የሰዉ ጓዳ ግን ገና አልተገዛላቸውም። የከተማ ሴት ከደጅ ስትወጣ ፓራንጃ ትደርባለች፤ ከአናቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርድ ከባድ ካባ ነው። ፊቷን የሚጋርደው ቻችቮን ደግሞ ከፈረስ ጭራ የተሸመነ ነው፤ ጥቁርና ሻካራ።

በሴቶች ቀን፣ ማርች 8፣ የቦልሼቪኮቹ ፓርቲ ሴቶች ፊታቸውን እንዲገልጡ «ሁጁም» የተባለውን የማጥቃት ዘመቻ ከፈተ። በታሽከንትና በሳማርካንድ አደባባይ ሙዚቃው ተመታ፣ ንግግሩ ተደረገ፤ ሴቶቹ ፓራንጃቸውን እየገፈፉ እሳት ላይ ጣሉት።

እናንተዬ፣ ከአደባባዩ ወደ ቤት የሚመለሱበትን መንገድ ግን ማን አሰበላቸው? ባል የፓርቲ አባል ከሆነ «በል ሚስትህን ግለጥ» ይባላል። እምቢ ካለ ከፓርቲው መባረር አለ፤ እሺ ካለ ሙላህ ያወግዘዋል፣ ጎረቤት ይጠቋቆምበታል። ለስብሰባ ገልጧት ሄዶ ቤቱ ሲደርስ መልሶ የሚሸፍናትም ነበረ። እሷን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት የለም። ወዳ የገለጠችውም ብትሆን መንገድ ላይ ትሰደባለች፣ ትደበደባለች፣ ትደፈራለች። ብዙዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ተመልሰው ተከናነቡ።

ከዚህም የከፋ ነበረ። ቱርሱኖይ የተባለች ዘፋኝ ነበረች። በ1928 የገዛ ባሏ ገደላት። ኑርኾን የማርጊላን ልጅ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ጨፋሪ ነበረች፤ ፊቷን ሳትሸፍን መድረክ ላይ ወጣች። በ1929 ወንድሟ ገደላት። ልብ በሉ፣ ባዳ አይደለም፤ አብሯት ያደገ ወንድሟ ነው! በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች እንደተገደሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ።

ገዳዮቹን የሚያስምር ምክንያት አላገኘሁላቸውም። በፓርቲውም ላይ እፈርዳለሁ፤ ፊትሽን ግለጪ ብሎ ካወጣት በኋላ ማታ በሯን የሚጠብቅላት አላቆመም። ዘግይቶ ገዳዮቹን በሞት መቅጣት ጀመረ፤ ያኔ ሴት ልጇን የቀበረች እናት ወንድ ልጇንም ለመንግሥት ጥይት ትሰጥ ጀመር።

ፓራንጃው ከከተሞቹ እየጠፋ የሄደው እሳቱ ከበረደ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ልጃገረዶቹ ትምህርት ቤት ውለው ሲገቡ፣ እናቶቻቸውም የራሳቸውን ደመወዝ መቀበል ሲጀምሩ ነው።