ከረጢቱን የጨመቁት ተማሪዎች

በኢንተርንነት ዘመኑ ሌሊቱን ሙሉ አምቡ ባግ ሲጨምቅ ያላደረ ከመካከላችን ማን አለ? ጣታችን እስኪደነዝዝ ጨምቀናል። ያ ሥራ ታሪክ እንዳለው ግን ያኔ የነገረን አልነበረም። ታሪኩ ስለ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ስለ አመራርም ስለሆነ ለዚህ የመገናኛ መጽሔታችን መረጥኩት።

እ.ኤ.አ. በ1952 ክረምት ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። በብሌግዳም ሆስፒታል ሕክምናውን የሚመሩት ፕሮፌሰር ላሰን በዘርፉ ስመ ጥር ሐኪም ነበሩ። በእጃቸው ግን የነበረው አንድ የብረት ሳንባና ደረት ላይ የሚገጠሙ ስድስት መተንፈሻዎች ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መተንፈስ ካቃታቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

እንዲህ ባለ ጊዜ አለቃ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ ፊቱን ያጠቁራል፣ ይጮኻል፣ ከሱ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ያስታውሰናል። በላሰን ሥር ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ብየርነቦ ግን የሰመመን ሐኪሙን ኢብሰንን እናማክር አሉ። በዚያ ዘመን የሰመመን ሐኪም ቦታው ቀዶ ሕክምና ክፍል እንጂ የወረርሽኝ ዋርድ አልነበረም። ላሰን ቢጠራጠሩም ኦገስት 25 ጠርተው አዳመጧቸው። ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ትራኪዮስቶሚ ተሠርቶላት፣ ኢብሰን በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ሰጧት። ልጅቷ ተረፈች።

ታዲያ ለሁሉም ማን ይጨምቅ? 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ገቡበት። በአንድ ጊዜ እስከ 70 ሕሙማን በተማሪ እጅ ይተነፍሱ ነበር። 87 በመቶ የነበረው ሞት ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ። አምቡ ባግም የተፈለሰፈው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ዴንማርክ ነው።

አሁን በየሥልጠናው "የስሜት ብልህነት" ሲባል ብዙዎቻችን ለስላሳ አንደበት ይመስለናል። ለኔ ግን ላሰን ያን ቀን ያደረጉት ነው፦ በጭንቅ መሀል የበታችን ሰው ሰምቶ የራስን መንገድ መተው።

ይህን የምለው እኔ ስላቃተኝ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ አንድ ዋርድ እመራ ነበር። አንዲት ነርስ የመከላከያ ልብስ የምናወልቅበት ቦታ ይቀየር አለችኝ። "አሁን ጊዜው አይደለም፣ ሥራሽን ሥሪ" አልኳት። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ በቁጣ ወጣ። በአራተኛው ቀን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ቦታውንም ቀየርነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሐሳብ ይዞ ቢሮዬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ስንት ጠቃሚ ነገር ሳልሰማ እንደቀረሁ እንጃ።

ዛሬ ብዙዎቻችን ክፍል ኃላፊ፣ ሜዲካል ዳይሬክተር፣ መምህር ሆነናል። በየዋርዳችን እንደ ብየርነቦ የሚናገር ሰው አይጠፋም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ይናገር ዘንድ ግን በደህናው ቀን ሰምተነው መቆየት አለብን።