ከክንድ እስከ ሜትር፦ የልክና የቅድ ታሪክ በደቡብ ቆላ ከተሞች

የአንድ ሕዝብ የአለባበስ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የጨርቁ ዓይነት፣ ቀለሙና ጥለቱ ነው። ጨርቁ ከጥቅሉ ተነሥቶ ልብስ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍበት ሥራ፣ ይኸውም ልክና ቅድ፣ እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ የተበላሸ ስፌት ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል፤ የተበላሸ ቅድ ግን አይመለስም። ጨርቅ ከሩቅ ጠረፍ በግመል ተጭኖ ይመጣበት በነበረው በደቡቡ ቆላ ደግሞ፣ ያለ ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ኪሳራ አልነበረም።

በዚህ አገር የቅድ ሙያ ከጨርቅ በፊት በቆዳ ላይ የተጀመረ ነው። የቦረና ሴቶች የጥጥ ልብስ ከመስፋፋቱ በፊት ከቆዳ የተሠራ ልብስ ይለብሱ ነበር። «ቱላ» በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ውስጥ በመደዳ ቆመው ውኃ የሚቀባበሉት ሰዎች የሚጠቀሙበት «ኦኮሌ» የተባለው መቅጃም ቀድሞ ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ ነበር። እርጥብ ቆዳ ሲስቡት ይረዝማል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ስለዚህ ቆራጩ ቢላዋውን የሚያሳርፈው በሚያየው መጠን ላይ ሳይሆን፣ ቆዳው ከደረቀ በኋላ በሚኖረው መጠን ላይ ነው። ጥቂት ትርፍ መተውና ኋላ ማስተካከል፣ በጨርቅ ዘመንም የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ሆኖ ቆይቷል።

ጨርቁ የመጣበት አንዱ መንገድ ወንዝን የተከተለ ነው። ነገሌ ቦረና በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው ምድር ላይ ትገኛለች። ሁለቱ ወንዞች ዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ። ከዚያ ዝቅ ብላ በጁባ ዳር የምትገኘው የሉቅ ከተማ በ19ኛው መቶ ዘመን የቦረና የዝሆን ጥርስ ከቤናድር ጠረፍ በሚመጣ ሸቀጥ የሚለወጥባት ገበያ ነበረች። ኢጣልያዊው ኡጎ ፌራንዲ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህችን ገበያ ንግድ በሰፊው ገልጿል። ከሸቀጦቹ መካከል አንዱ ጥጥ ጨርቅ ነበር። በአሜሪካ ፋብሪካዎች የተሠራው ያልነጣ ጨርቅ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ «መሪካኒ» ሲባል፣ በኢትዮጵያ አቡጀዲድ የሚለውን ስም አገኘ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በዋጋው ርካሽነት የጃፓን አቡጀዲድ የኢትዮጵያን ገበያ ተቆጣጠረ።

ጨርቁ ቢመጣም መለኪያው የሰው አካል ነበር። ክንድ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ፣ ስንዝር ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ፣ ጣት ደግሞ የአንድ ጣት ውፍረት ነው። ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል፣ ጣት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ቢባልም፣ የረዥም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ እኩል አይደሉም። ሁለት ጣት ብቻ የሚያንስ ክንድ ያለው ነጋዴ አሥር ክንድ ሲለካ፣ ከገዢው እጅ አርባ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀራል። ይህ ለአንድ ሕፃን ልብስ የሚሆን ጨርቅ ነው። በመሆኑም የልክ ጥያቄ ከሙያ ጥያቄነት አልፎ የፍትሕ ጥያቄ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የወጣው የሚዛንና የመለኪያ ሕግ ሜትሪክን የአገሪቱ ሕጋዊ መለኪያ ሲያደርግ፣ የገዢውም የሻጩም ክንድ በአንድ የጋራ በትር ተተካ።

በዚህ ዘመን የቆላው ከተማ ልብስ ሰፊ መኪናውን በሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ የሚሠራ ባለሙያ ሆኗል። አይዛክ ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1851 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የስፌት መኪና ስፌትን አፋጠነ፤ ቅድን ግን አላፋጠነም። ለቅድ የቀሩት መቀስ፣ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ ጠመኔ ወይም የሳሙና ቁራጭ፣ እንዲሁም የከሰል ካውያ ናቸው። ከመቀሱ ሥር የሚወድቀው ቁርጥራጭም አይጣልም። ከቁርጥራጩና ካረጀ ልብስ ላይ ከሚወጣው እራፊ፣ በኋላም በሞያሌ በኩል ከሚገባው ልባሽ ጨርቅ፣ ለመኝታና ለብርድ የሚሆን ድሪቶ ይደረታል።

ድሪቶ በአማርኛ የድህነት ምልክት ተደርጎ ሲነገር የኖረ ቃል ነው። ሥራውን ቀርቦ ለሚመለከት ግን ከሸማ ይልቅ የልክ ጥበብ የሚፈተንበት እርሱ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የእያንዳንዱ እራፊ ጎን 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ለስፌት በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢተው፣ በአንድ መደዳ የተሰፉ አሥር እራፊዎች 180 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናሉ። እራፊዎቹ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተርፉ መደዳው 183 ይሆናል፤ የሚቀጥለው መደዳ በዚያው መጠን ቢጎድል 177 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ሦስት ጣት ነው። ዓይን በአንዱ እራፊ ላይ ያላየው ስሕተት በመጨረሻ ድሪቶውን ያኮማትረዋል።

ስለዚህ የታወቁት የማስተካከያ ዘዴዎች ሁሉ ስሕተቱን ከመደመሩ በፊት ለመያዝ የተፈጠሩ ናቸው። አዲስ ጨርቅ በቅድሚያ ይታጠባል፤ ሳይታጠብ የተቆረጠ አቡጀዲድ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባልና። ቀጥተኛ መስመር ለማግኘት ከጨርቁ አንድ ክር ይሳባል፤ ክሩ ተስቦ የወጣበት ፈለግ የድሩን ወይም የማጉን አቅጣጫ ያሳያል፤ መቀሱም ያንን ይከተላል። ካውያው በጨርቁ ላይ ይጫናል እንጂ አይጎተትም፤ በተለይ በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ሲጎተት ይለጠጣል። ከብዙ ቁርጥራጭ የተጋጠመ እራፊ ደግሞ በመጀመሪያ ጥቂት ተርፎ ይሰፋል፤ ከተተኮሰ በኋላ ከካርቶን ወይም ከቆርቆሮ በተሠራ ልክ ላይ ተደርጎ ትርፉ ይከረከማል። ካርቶን በመቀስ እየተነካ ስለሚያልቅ ቆርቆሮው ይመረጣል።

ክርከማውም ሥርዓት አለው። ልኩ የሚቀመጠው ከጠርዝ ተነሥቶ ሳይሆን በመካከል ካለው ስፌት ተነሥቶ ነው። ሁለት ጎን ይከረከማል፤ ከዚያ እራፊው ዞሮ በተስተካከሉት ጎኖች መሠረት የቀሩት ሁለቱ ይከረከማሉ። በመጨረሻ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ ይለካል። ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ እራፊ ሰያፉ ከ28 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ማለፍ አለበት። አራቱ ጎኖች እኩል ሆነው ሁለቱ ሰያፎች ከተለያዩ እራፊው ተንጋዷል ማለት ነው። ሜትር በሌለበት ቦታ ሲባጎ ይህንኑ ፍርድ ይሰጣል።

በሌላው ዓለምም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በአሜሪካ የድሪቶ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን የሠሩት በካርቶንና በቆርቆሮ ልክ ዙሪያ በመቀስ እየቆረጡ ነው። ጃፓናዊው ዮሺዮ ኦካዳ እ.ኤ.አ. በ1956 ጫፉ እየተሰበረ የሚታደስ ምላጭ ፈጠረ፤ እርሱ የመሠረተው ኦልፋ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 እንደ መንኰራኩር እየተሽከረከረ ጨርቅ የሚቆርጥ ቢላዋ አወጣ። ይህም ከብርሃን አስተላላፊ ማስመሪያ ጋር ተጣምሮ ሥራውን ለወጠው። በሌላ በኩል በአላባማ ጊስ ቤንድ የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ በዓይናቸው ግምት እየቆረጡ የሠሯቸው ድሪቶዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታይተው ተደንቀዋል። መስመራቸው ጠማማ ነው፤ ነገር ግን ተዘርግተው ይተኛሉ። ከዚህ የምንረዳው ትክክለኛነት ማለት የግድ ሁሉን አንድ ዓይነት ማድረግ አለመሆኑን ነው። ቁምነገሩ አንዱ ቁራጭ የጎረቤቱን ቦታ እንዳይወስድ ነው።

በየባሕል ማእከሉና በየሙዚየሙ ብዙ ጊዜ ለእይታ የሚቀርበው ያለቀለት ልብስ ነው። ልብሱን ልብስ ያደረገው የተበላ ካርቶን፣ ጠርዙ የሾለ ቆርቆሮ፣ ያለቀ ሳሙናና ቁጥሩ የደበዘዘ ሜትር ግን ከባለሙያው ጋር ይጠፋሉ። የነገሌን፣ የያቤሎን፣ የሜጋንና የሞያሌን ልብስ ሰፊዎች ሙያ ለመመዝገብ የሚነሣ መምህርም ሆነ የባሕል ሠራተኛ፣ ከድሪቶው ጋር ቆርቆሮውንም ቢሰበስብ፣ ባለሙያው እንዴት እንዳስቀመጠውና ከየት እንደጀመረ ቢጽፍ፣ ለሚመጣው ትውልድ ልብሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ያስረክባል።