ኮከብ የተቀረጸባት ኳስ፦ የቤዝቦል ደጋፊዎች ስቴሮይድ የወሰዱ ጀግኖቻቸውን እንዴት ዳኙ?

እአአ በነሐሴ 2007 ባሪ ቦንድስ በሳን ፍራንሲስኮ ስታዲየም የመታት ኳስ አጥር ተሻግራ ስትወድቅ፣ ከ40 ሺህ የሚበልጡ ተመልካቾች በእልልታ ብድግ አሉ። ርችት ሰማዩን አደመቀው። ቦንድስ 756ኛ ሆም ረኑን አስቆጥሮ፣ ከ1974 ጀምሮ በሃንክ አሮን እጅ የነበረውን የአሜሪካ ቤዝቦል ታላቅ ክብረ ወሰን ሰበረ።

ኳሷ በጨረታ በ752 ሺህ 467 ዶላር ተሸጠች። የገዛት የልብስ ዲዛይነሩ ማርክ ኤኮ ምን ላድርጋት ሲል ለሕዝብ ድምፅ አቀረባት። አማራጮቹ ሦስት ነበሩ፦ እንዳለች ለቤዝቦል ሙዚየም ትሰጥ፣ የኮከብ ምልክት ተቀርጾባት ትሰጥ፣ ወይስ በሮኬት ወደ ጠፈር ትወንጨፍ? ከአስር ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጠ። ያሸነፈው ኮከቡ ነው። ኳሷም ምልክቱ ተቀርጾባት በኒውዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን ወደሚገኘው የዝና አዳራሽ ተላከች።

በአሜሪካ ስፖርት የኮከብ ምልክት ከቁጥር አጠገብ ሲቀመጥ "ይህ ነገር ማብራሪያ ያስፈልገዋል" እንደማለት ነው። ልማዱ ከ1961 ይጀምራል። በዚያ ዓመት ሮጀር ማሪስ 61 ሆም ረን መትቶ ቤብ ሩት በ1927 ያስመዘገበውን 60 ሲያልፍ፣ የውድድር ዘመኑ ከ154 ወደ 162 ጨዋታ ተራዝሞ ስለነበር የሊጉ ኮሚሽነር ሁለቱ ቁጥሮች ተለይተው እንዲታዩ ፈልገው ነበር። የሚገርመው፣ ምልክቱ በይፋዊ መዝገብ ላይ ፈጽሞ ሰፍሮ አያውቅም። በሰው አእምሮ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ቤዝቦል በእኛ አካባቢ እምብዛም አይታወቅም። እአአ በ2012 ከሉጋዚ ከተማ የሄዱ የዩጋንዳ ታዳጊዎች አፍሪካን ወክለው በአሜሪካው የታዳጊዎች የዓለም ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፉ፣ ለብዙው የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ነገሩ እንግዳ ነበር። አንዱ ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታል። የተመታችው ኳስ በአየር ላይ እንዳለች የሜዳውን አጥር ከተሻገረች ሆም ረን ይባላል፤ መቺው ዙሪያውን ሮጦ ነጥብ ያስቆጥራል። የስቴሮይድን ቁጣ ለመረዳት ግን ከሕጉ ይልቅ የቁጥሩን ነገር ማወቅ ይሻላል። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ምት ከመቶ ዓመት በላይ ተመዝግቧል። አያት ለልጅ ልጁ ሲያወራ 60፣ 61፣ 755 እያለ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጠረጠር የቤተሰቡ ወግ አብሮ ይጠረጠራል።

ስቴሮይድ ዱላን ከኳስ ጋር የማገናኘት ጥበብ አያስተምርም። ጡንቻን ይገነባል፤ ከልምምድ በኋላ ሰውነት ቶሎ እንዲያገግም ይረዳል። አጥሩ ሥር ትያዝ የነበረች ኳስ አጥሩን እንድትሻገር የሚጎድላት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀም በአሜሪካ ሕግ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ክልክል ነው። ሆኖም ሜጀር ሊግ ቤዝቦል እስከ 2003 ድረስ ተጫዋቾቹን አይመረምርም ነበር። የ2003ቱም ምርመራ ስም የማይገለጽበት፣ ቅጣት የሌለበት ዳሰሳ ነበር። ከ5 በመቶ በላይ የሆኑ ናሙናዎች አበረታች ንጥረ ነገር ስለተገኘባቸው በቀጣዩ ዓመት ቅጣት ያለው ምርመራ ተጀመረ።

የ1998 ክረምት

ደጋፊው ራሱ ከታሪኩ ውጭ አይደለም። በ1994 በተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ሳቢያ የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ከተሰረዘ በኋላ፣ ብዙ ሰው በቤዝቦል ተቀይሞ ነበር። ቂሙን ያስረሱት ማርክ ማግዋየርና ሳሚ ሶሳ ናቸው። በ1998 ክረምት ሁለቱ የማሪስን 61 ለማለፍ ተፎካከሩ፤ ማግዋየር 70፣ ሶሳ 66 ሆም ረን መቱ። አገር ምድሩ ስለ እነሱ አወራ። የማግዋየር 70ኛ ኳስ ወደ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች።

በዚያው ክረምት አንድ የአሶሼትድ ፕረስ ጋዜጠኛ በማግዋየር ቁም ሳጥን ውስጥ አንድሮስቴንዲዮን የተባለ፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ቴስቶስትሮን የሚለወጥ ንጥረ ነገር የያዘ ጠርሙስ አይቶ ዘገበ። ንጥረ ነገሩ በኦሊምፒክ የታገደ ቢሆንም በቤዝቦል አልተከለከለም፤ በሱቅም ይሸጥ ነበር። የተወቀሰው ታዲያ ማን ነው? ጋዜጠኛው። የሰው ቁም ሳጥን ምን አስመለከተህ ተባለ። ያን ጊዜ ደስታውን የሚያደፈርስበትን ሰው መስማት የፈለገ ጥቂት ነበር። ኋላ ላይ "ተታለልን" ካሉት መካከል በዚያ ክረምት ጠርሙሱን አይተው እንዳላዩ ያለፉ ብዙዎች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ማግዋየር በመጋቢት 2005 በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ስለ ቀድሞው ጊዜ ለመናገር እንዳልመጣ ደጋግሞ ገለጸ። መውሰዱን ያመነው በ2010 ነው። በኮንግረሱ የዚያን ዕለት ከተጫዋቾቹ በፊት የተናገሩት፣ ስቴሮይድ ይወስዱ የነበሩና ራሳቸውን ያጠፉ ወጣት ቤዝቦል ተጫዋቾች ወላጆች ነበሩ። እነዚህ ወላጆች ስለ ክብረ ወሰን አልነበረም የመጡት። ልጆቻቸው የሚያደንቋቸውን ተጫዋቾች መምሰል እንደፈለጉ ነው የተናገሩት።

በዚያው መድረክ ራፋኤል ፓልሜሮ ጣቱን ቀስሮ ስቴሮይድ ፈጽሞ ወስዶ እንደማያውቅ ተናገረ። ከወራት በኋላ 3000ኛ ምቱን አስመዝግቦ በጭብጨባ በታጀበ በሁለት ሳምንት ተኩል ጊዜ ውስጥ፣ በምርመራ ተይዞ መታገዱ ይፋ ሆነ። ሲመለስ የቶሮንቶ ተመልካች ጩኸት አላሠራ ስላለው ጆሮውን ደፍኖ እስከ መጫወት ደረሰ።

የራስና የባዕድ

ያለፉት ሁለት አስርት ዓመታት ታሪክ ሲታይ ደጋፊው የፈረደው በመድኃኒቱ ላይ ብቻ አይደለም። ሰውየው የማን ነው? የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማል።

ቦንድስ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ስሙ የተነሣው ባልኮ ከተባለው፣ በ2003 በመርማሪዎች ከተፈተሸው የካሊፎርኒያ ድርጅት ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ እሱ እያወቀ ስቴሮይድ እንዳልወሰደ ነው የሚናገረው። ፍትሕን በማደናቀፍ በ2011 የተላለፈበት የጥፋተኝነት ውሳኔም በ2015 በይግባኝ ተሽሯል። በ2006 የውድድር ዘመን መክፈቻ ሳንዲያጎ ላይ ከተመልካች መካከል አንዱ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ወረወረበት። በሄደበት ሜዳ ሁሉ የኮከብ ምልክት የተሳለባቸው ካርቶኖች ይውለበለቡ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ሲመለስ ግን ንጉሥ ነው። ቡድኑ በ2018 የለበሰውን 25 ቁጥር ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው በክብር አስቀመጠለት።

በቦንድስ ጉዳይ ዘርም ነበረበት። ክብረ ወሰኑ ከመሰበሩ በፊት በ2007 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ እንዲሳካለት የሚመኙ ጥቁር ደጋፊዎች ድርሻ ከነጮቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። አሮን ራሳቸው ጥቁር ናቸው፤ በ1970ዎቹ የቤብ ሩትን ቁጥር ሲቃረቡ የግድያ ዛቻና የጥላቻ ደብዳቤ ጎርፎባቸዋል። በዚያ የነሐሴ ምሽት ስታዲየም አልተገኙም። በቪዲዮ የቀዱት የደስታ መልእክት ግን በግዙፉ ሰሌዳ ላይ ታይቷል።

ማኒ ራሚሬዝ በ2009 ለ50 ጨዋታ ታግዶ ሲመለስ የሎስ አንጀለስ ደጋፊ በሆታ ተቀበለው። በሐምሌ ወር የእሱ ምስል ያለበት አሻንጉሊት ለተመልካች በታደለበት ምሽት ተቀይሮ ገብቶ አራት ነጥብ ያስገኘ ሆም ረን መታ፤ ስታዲየሙ ቀውጢ ሆነ። ራያን ብራውን ከዚህም የባሰ ነው። የመጀመሪያ ክሱ በ2012 በሥነ ሥርዓት ጉድለት ውድቅ ሲሆን የሽንት ናሙናውን የሰበሰበውን ሠራተኛ በአደባባይ ጥርጣሬ ላይ ጣለው፤ በ2013 ጥፋቱን አምኖ ለ65 ጨዋታ ታገደ። በ2014 መክፈቻ ላይ የሚልዋኪ ደጋፊ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ከቀናት በኋላ ፊላደልፊያ በጩኸት ሲያዋክበው በአንድ ጨዋታ ሦስት ሆም ረን መታ። ናሙና ሰብሳቢው ግን ጭብጨባ የሚያሰማለት ስታዲየም አልነበረውም።

መናዘዝም ያቀልላል። የኒውዮርክ ያንኪስ ወርዋሪ አንዲ ፔቲት የእድገት ሆርሞን መውሰዱን በ2007 አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቡድኑ በ2015 ቁጥሩን በክብር አስቀመጠለት። የቅርብ ወዳጁ ሮጀር ክሌመንስ ሁሉንም ካደ። በ2012 ፍርድ ቤት ኮንግረስን በመዋሸት ከቀረበበት ክስ በነጻ አሰናብቶታል፤ በብዙ ደጋፊ ዘንድ ግን ጥርጣሬው አልለቀቀውም። አሌክስ ሮድሪጌዝ በ2009 ሲናዘዝ ይቅር ተባለ፤ እንደገና ተይዞ የ2014ን ዘመን በሙሉ በእገዳ አሳለፈ። በ2015 ተመልሶ 3000ኛ ምቱን በሆም ረን ሲያስመዘግብ የያንኪስ ደጋፊ እንደገና ቆሞ አጨበጨበ።

በሌላ ወገን ጭብጨባው ሙግት የሚሆንባቸው አሉ። ሳይወስዱ የተጫወቱት፣ በወሰደ ሰው ቦታቸውን ያጡት፣ ከታችኛው ሊግ ሳያልፉ የቀሩት ስም በየትኛውም ሰሌዳ ላይ የለም። "ሁሉም ይወስድ ስለነበር እኩል ነው" የሚለው የብዙ ደጋፊ መከራከሪያ እነዚህን ሰዎች አያያቸውም።

ደጋፊው ቤዝቦልን ግን አልተወም። ቦንድስ ክብረ ወሰኑን በሰበረበትና ከ80 በላይ ተጫዋቾችን በስም ያነሣው የሴናተር ጆርጅ ሚቼል ሪፖርት በወጣበት በ2007፣ ወደ ስታዲየም የገባው ሕዝብ 79 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር፤ ከዚያ በፊት ያልታየ ቁጥር ነው።

የማይፋቁ ቁጥሮች

በአትሌቲክስ ጥፋተኛ ከተገኘ ሯጭ ሜዳሊያና ሰዓት ይነጠቃል። በዚያም ቢሆን ሁሉም አይፋቅም፦ በ2025 ለሦስት ዓመት የታገደችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በ2024 ቺካጎ ላይ ያስመዘገበችው 2:09:56 የማራቶን ክብረ ወሰን፣ ከተያዘው ናሙና በፊት የተሮጠ በመሆኑ ጸንቷል። ቤዝቦል ደግሞ ከነጭራሹ አይፍቅም። የቦንድስ 762 እና በ2001 በአንድ ዘመን ያስመዘገበው 73 በመዝገቡ ላይ እንዳሉ ናቸው።

ስለዚህ ደጋፊው የራሱን መዝገብ ይዟል። የያንኪሱ አሮን ጃጅ በ2022 62ኛ ሆም ረኑን ሲመታ፣ የሮጀር ማሪስ ልጅ እውነተኛው ክብረ ወሰን ይህ ነው ሲል በይፋ ተናገረ፤ ብዙዎችም ተስማሙ። በመዝገቡ ግን 62 ከ73፣ ከ70 እና ከሶሳ ቁጥሮች በታች ነው።

ትልቁ ሙግት የዝና አዳራሹ ነው። ለመግባት ከመራጮቹ ጋዜጠኞች የ75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ዕድሉም አስር ዓመት ብቻ ነው። በ2022 በመጨረሻ ዕድላቸው ቦንድስ 66፣ ክሌመንስ 65.2 በመቶ አግኝተው ቀሩ። በዚያው ቀን የቦስተኑ ዴቪድ ኦርቲዝ በመጀመሪያ ዕድሉ በ77.9 በመቶ ገባ። ኒውዮርክ ታይምስ በ2009 ኦርቲዝ በስም አልባው የ2003 ምርመራ ተይዞ እንደነበር ዘግቧል፤ እሱ ስቴሮይድ አልወሰድኩም ይላል፤ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድም ከዚያ ዝርዝር ቢያንስ አስር ያህል ውጤቶች አጠራጣሪ እንደነበሩ ተናግረዋል። በኋላ በተደረጉት ምርመራዎች ኦርቲዝ አልተያዘም፤ ልዩነቱ ይህ ነው የሚሉ አሉ። ኦርቲዝ በፈገግታው የተወደደ፣ ቦንድስ ጋዜጠኛን የሚያመናጭቅ መሆኑን የሚያነሡም አልጠፉም። ሁለተኛው ምክንያት ድርሻ አልነበረውም ብሎ መከራከር ይከብዳል።

አዲሱ ትውልድ ነገሩን ቀለል አድርጎ የያዘው ይመስላል። የሳንዲያጎው ፈርናንዶ ታቲስ ጁኒየር በ2022 ለ80 ጨዋታ ታግዶ በ2023 ሲመለስ፣ የቺካጎ ደጋፊዎች ስቴሮይድ እያሉ በዜማ ሰደቡት። እሱም በዜማው ጨፈረላቸው።

ቦንድስና ክሌመንስ በታኅሣሥ 2025 በ16 አባላት ኮሚቴ ፊት እንደገና ቀርበው እያንዳንዳቸው ከአምስት ያነሰ ድምፅ አገኙ። የተመረጠው የቦንድስ የቀድሞ የቡድን ጓደኛ ጄፍ ኬንት ነው። በደንቡ መሠረት ሁለቱ ከ2031 በፊት ሊታጩ አይችሉም፤ ያኔም አምስት ድምፅ ካላገኙ ዳግም አይቀርቡም።