በጢያ መቃብሮች ፊት

ሰው የሞተበትን ወዳጁን ከቀበረ በኋላ በመቃብሩ ላይ ምልክት ያቆማል። ምልክቱ ከድንጋይም ሆነ ከእንጨት፣ ለሚመጣው ትውልድ «በዚህ ስፍራ እገሌ ተኝቷል» ብሎ የሚናገር ምስክር ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ጸንቶ ሳለ የሟቹ ስም የተረሳ እንደ ሆነ፣ አላፊ መንገደኛ በገዛ ግምቱ ሌላ ስም ያወጣለታል። እኔም ከነዚህ መንገደኞች አንዱ ነበርሁና፣ የሠራሁትን ስሕተት ለማረም ስል ወደ ጢያ ያደረግሁትን ጕብኝት ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አገር ለማየት የሚነሡ መምህራንና ተማሪዎች የሚይዙት አጭር መግለጫ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። ከጢያ በደረስሁ ጊዜ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ የኖርሁትን ይዤ፣ «የግራኝ ድንጋይ ይባላል፤ ግራኝ አሕመድ በዘመቻው ጊዜ ያስተከለው ነው» ብዬ በሁለት መሥመር ጨረስሁት። ስፍራውን አላየሁም፤ መጽሐፍም አልገለጥሁም። ወረቀቱ ተባዝቶ ታደለ። እኔም ሥራዬን በጊዜው በመፈጸሜ ደስ አለኝ። በኋላ ግን አንድ መምህር፣ ተማሪዎቹ ያንን ወረቀት በቃላቸው አጥንተው እንደ መለሱለት ሲያጫውተኝ፣ በዐይኔ ያላየሁትን ነገር ለልጆች ማስተማሬ ከነከነኝና አንድ ቅዳሜ ማለዳ ጕዞ ጀመርሁ።

ጢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሶዶ ጉራጌ ምድር ትገኛለች። መንገዱ አዋሽን በመልካ ቁንጥሬ አጠገብ ይሻገራል። በዚያ በወንዙ ዳር፣ የጥንት ሰው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠረባቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ስለ ተገኙ፣ መንገደኛው ገና ጢያ ሳይደርስ ስለ ዘመን ርዝመት ማሰብ ይጀምራል።

ትክል ድንጋዮቹ በታጠረ ግቢ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። ቍጥራቸው 36 ሲሆን፣ ከነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት ያነሱ፣ ሌሎቹ ግን ቀና ብለው የሚያዩዋቸው ረጃጅሞች ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ዐይን የሚስበው የሰይፍ ቅርጽ ነው፤ በአንዱ ድንጋይ ላይ ብዙ ሰይፍ ተደርድሮ ይታያል። ክብ ምልክትም አለ፤ ቅርንጫፉን እንደ ዘረጋ ተክል ያለ ቅርጽም አለ። ሰይፉ ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቍጥር ያመለክታል የሚሉ አሉ፤ ተክል የሚመስለውንም እንሰት ነው የሚሉ አሉ። ይህ ሁሉ ግን ግምት ነው እንጂ የተረጋገጠ ትርጕም አይደለም።

ከአጥሩ ወዲያ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩና ቀርቤ እጅ ነሣሁ።

«አባቴ፣ ይህን ድንጋይ ማን ተከለው ይላሉ?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ግራኝ ነው ሲባል ሰምተን አደግን» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔን ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። ለዘመቻ የሚቸኩል ሰው ድንጋይ ሲጠርብ ይውላል ወይ? ለሙት ድንጋይ የሚጠርብ ከሙቱ ጋራ የኖረ፣ ከሙቱም በኋላ በዚያው የሚኖር ሰው ነው» አሉ።

እኒህ ሽማግሌ በማስተዋል ብቻ የተናገሩትን፣ ሊቃውንት በቍፋሮ አግኝተውታል። እ. ኤ. አ. በ1920ዎቹ ዓመታት ፈረንሳዊው ካህን አባ አዛይስ ከሮዤ ሻምባር ጋራ በደቡብ ኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ ብዙ ትክል ድንጋዮችን መዘገቡ፤ ሥራቸውም በ1931 ታተመ። ከዚያም ብዙ ዓመታት ቆይቶ ሮዤ ዡሶም ከባልደረቦቹ ጋራ በጢያ ቢቈፍር፣ በድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች ተገኙ። ሙታኑ ጕልበታቸውን አጥፈው፣ ተኰራምተው ተኝተዋል፤ ብዙዎቹም በወጣትነታቸው የሞቱ ናቸው። ዘመናቸው ሲመረመር፣ ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ሒሳቡን አንባቢው ራሱ ያስላው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በሽንብራ ኩሬ ድል ያደረጉት በ1521 ዓ. ም. ነው፤ የሞቱትም በ1535 ዓ. ም. ነው። ስለዚህ ሠራዊታቸው ወደ ሸዋ በዘመተ ጊዜ፣ እነዚህ ድንጋዮች ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ነበራቸው። ያ ጦርነት በሕዝብ ልብ ውስጥ የጣለው ትዝታ እጅግ ብርቱ ስለ ነበረ፣ ሠሪው ያልታወቀ ድንጋይ ሁሉ፣ የፈረሰ ግንብም ሁሉ ለግራኝ ሲሰጥ ኖረ። በዚህም ምክንያት ለኢማሙ ያልሠሩትን ሥራ ሰጠናቸው፤ በሶዶ ምድር ኖረው ልጆቻቸውን ለቀበሩት ሰዎች ግን የገዛ ሥራቸውን ነሣናቸው።

እንዲህ ያለው መርሳት በጢያ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝና በአካባቢው፣ በአፈርና በድንጋይ የተከመሩ የመቃብር ጕብታዎች አሉ። ፎቬልና ፑዋሶኒዬ የተባሉ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹን ቈፍረው፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ድረስ የኖሩ፣ ክርስቲያንም እስላምም ያልነበሩ ሹማምንትና ባለጸጎች መቃብር መሆኑን አስረድተዋል። ከሙታኑም ጋራ ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ የብርጭቆ ዶቃ ተገኝቷል። በነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ የምንመራ ብንሆን፣ እነዚህን ሰዎች ባላወቅናቸው ነበር።

በሶዶ አካባቢ ብቻ 160 ያህል እንዲህ ያሉ ጥንታውያን ስፍራዎች ታውቀዋል። ጢያ እ. ኤ. አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። በመዝገብ መጻፍ ግን ብቻውን አይበቃም፤ መምህሩ በትክክል ካላስተማረው፣ ጸሐፊውም በትክክል ካልጻፈው፣ ድንጋዩ ቆሞ ነገሩ ይጠፋል።

ፀሓይ ሳታዘቀዝቅ ሽማግሌውን ተሰናብቼ ተመለስሁ። ሰኞ ማለዳ መሥሪያ ቤት እንደ ገባሁ፣ የቀድሞውን ወረቀት አውጥቼ ሁለቱን መሥመር ሰረዝሁ። በምትኩም እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ጢያ፤ ከግራኝ ዘመን አስቀድሞ በዚህ አገር የኖሩ ሰዎች መቃብር። ስማቸው ገና አልታወቀም።» አሁንም ሁለት መሥመር ነው፤ ነገር ግን ሄጄ ያየሁት ነው።