የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመንግሥት አገልግሎት



በወንጪትና በጀማ ሸለቆዎች የተከበበው መርሐ ቤቴ የመንዝ ጎረቤት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚሁ አገር፣ ደን በተባለው ስፍራ፣ በ1870 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያ ዘመን ለሹመት የሚያበቃው ትውልድና የጦር ሜዳ ሙያ ነበር፤ እርሳቸው ግን ይዘው የተነሡት የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ብዕር ብቻ ነው። በእንጦጦ ራጉኤል ተምረው በጸሐፊነት አገለገሉ።

በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ሄዱ። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደው ጋር እስከ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንን ተከትለው አውሮፓን ዞሩ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት፣ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች የሚከራከሩበትንም ልዩ ፍርድ ቤት መርተዋል። ይህ የኋለኛው ሥራ ቀላል አልነበረም፤ የባዕዱ ሰው ቆንስል ከዳኛው ጎን ይቀመጥ ነበርና። የውልን ቃል መመዘን የተማሩት ከዚያ ወንበር ላይ ይመስለናል።

በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓንን ጐበኙ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ጃፓን ነፃነትዋን ሳታስነካ ሥልጣኔን ያገኘች አገር ስለ ሆነች፣ ኢትዮጵያም በዚያው መንገድ ልትሄድ ትችላለች ብለው ያምኑ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥት ራሱ ከጃፓኑ ብዙ የወሰደ ነው። ዳሩ ግን በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በሮማ የነበረው የጃፓን አምባሳደር አገሩ በኢትዮጵያ የፖለቲካ ጥቅም እንደሌላት ለሙሶሊኒ ነገረው። ይህን ተስፋ ለዓመታት ለያዘ ሚኒስትር ከዚህ የሚመር ወሬ ምን ይገኛል?

ከዚያ ቀደም ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት በተነሣ ጊዜ ብላቴን ጌታ ያነሡት መሣሪያ ውል ነበር። በ1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው የወዳጅነት ውል 5ኛ አንቀጽ አለመግባባት በሽምግልና ዳኝነት እንዲያልቅ ያዝዛልና፣ በዚሁ መሠረት ጉዳዩ እንዲታይ ጠየቁ። ሮማ እምቢ አለች፤ ነገሩም ወደ ጄኔቭ ሄደ።

«በመድፍ ፊት ወረቀት ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ወረቀቱ መድፉን አላቆመውም። ነገር ግን በመስከረም 1928 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን ውል አፍራሽ ብሎ ሲፈርድ፣ ኢትዮጵያ አስቀድማ ዳኝነት መጠየቅዋ በመዝገብ ተጽፎ ይገኝ ነበር። ጥፋቱ በጻፉት ላይ ሳይሆን ፈርደው የነዳጅ ዘይት መሸጥን ባልከለከሉት ላይ ነው።

ብላቴን ጌታ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ከአዲስ አበባ ወጡ። እርሳቸው በስደት ሳሉ ልጃቸውን ፈቃደ ሥላሴን በ1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች ገደሉት። እርሳቸውም መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።