ኮርቻው ላይ የተሰጠ ፍርድ

በቅሎ የሚገዛ ሰው ገበያ ሲወርድ ጥርሷን ገልጦ ያያል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ ባለቤቷ የሚደረድርላትን ምስጋናም ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ግን አንድ ነገር ይቀረዋል። ኮርቻ አስጭኖ ይቀመጥባትና ጥቂት ያስኬዳታል። ሻጩ "ሰጋር ናት" ማለቱ የሻጭ ወግ ነው፤ የተቀማጩ ወገብ የሚሰጠው ምስክርነት ግን አይታበልም።

ላወጋችሁ የተነሣሁት ስለ በቅሎ አይደለም። አባቶቻችን ከድምፁ ተነሥተው "ዶቅዶቄ" ስላሉት ስለ ሞተር ብስክሌት፣ ከሞተር ብስክሌትም ክሩዘር ስለሚባለው ዓይነት ነው። ክሩዘር ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ መሪው ሰፊ፣ የእግር መርገጫው ወደ ፊት የወጣ፣ ለሽቅድምድም ሳይሆን ረጅም መንገድ ተረጋግቶ ለመሄድ የተሠራ ከባድ ሞተር ነው። የሞተር ብስክሌት ሰጋር በቅሎ ብንለው ያስኬዳል። አገሩ አሜሪካ ነው። በዚያ አገር ሞተረኞች በብዙ መቶ ሺህ ሆነው በሚሰበሰቡባቸው ዓመታዊ በዓላት፣ ራሊ በሚሏቸው፣ ፋብሪካዎች አዳዲስ ሞተሮቻቸውን በጭነት መኪና አምጥተው ይደረድሩና "ኑ፣ ነድታችሁ ሞክሩ" ይላሉ።

ነገሩ ተራ የነጋዴ ዘዴ ይመስላል። ታሪኩን ሲከተሉት ግን በስሙ የኮራ አንድ ፋብሪካ ከሞት አፋፍ የተመለሰበት መንገድ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘጠኝ ሰዎች የጀመሩት በዓል

በሳውዝ ዳኮታ ክፍለ ግዛት፣ ብላክ ሂልስ በሚባሉት ተራሮች ሥር፣ ስተርጂስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1938 ነሐሴ ወር ክላረንስ ሆኤል የተባለ የከተማዋ ሞተር ነጋዴ ከማኅበርተኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ውድድር አዘጋጀ። የተወዳደሩት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዓሉ ዓመት ቆጥሮ ይመጣል፤ በ1942 በጦርነቱ ምክንያት ቤንዚን በራሽን ሲታደል ግን ሳይከበር ቀርቷል። በ2015 ለሰባ አምስተኛው በዓል፣ የነዋሪዎቿ ቁጥር ሰባት ሺህ ግድም ወደሆነው ወደዚህች ከተማ ከ700,000 በላይ ሰው እንደገባ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ገምቷል። በታኅሣሥ የቁልቢን መንገድ ያየ አንባቢ ትርምሱን ለመገመት አይቸገርም።

ሆኤል ይሸጥ የነበረው "ኢንዲያን" የሚባለውን ሞተር ነው። በ1901 በማሳቹሴትስ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የተመሠረተው ኢንዲያንና በ1903 በሚልዋኪ የተመሠረተው ሃርሊ ዴቪድሰን ለግማሽ ምእት ዓመት ሲፎካከሩ ኖሩ። አንዱ የሌላው መመዘኛ ነበር። በ1953 የስፕሪንግፊልዱ ፋብሪካ ሥራ አቆመ፤ በአሜሪካ ምድር ከባድ ሞተር የሚሠራ ትልቅ ኩባንያ ሃርሊ ብቻ ሆነ። ተወዳዳሪ ያጣ ሯጭ ደግሞ ወደ ኋላው ማየት ይተዋል።

ካርቶን ከሞተሩ ሥር

በ1959 ሆንዳ በሎስ አንጀለስ ሱቅ ከፈተ። ያመጣቸው ትንንሽ ሞተሮች ስለነበሩ የሚልዋኪ ሰዎች ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ያው ሆንዳ ባለ አራት ሲሊንደሩንና ባለ 750 ሲሲውን ሞተር ይዞ ብቅ አለ። በቁልፍ ይነሣል፤ የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው፤ ዘይት አያንጠባጥብም። በዚያው ዓመት ሃርሊ የቦውሊንግ መጫወቻ በመሥራት ለሚታወቀው ኤ.ኤም.ኤፍ. ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ።

አዲሶቹ ባለቤቶች ገንዘብ አፈሰሱ፤ ምርቱም በዛ። ጥራቱ ግን ወረደ። ሱቅ ውስጥ ለሽያጭ የቆመ አዲስ ሞተር ዘይት ስለሚያንጠባጥብ ነጋዴዎች ከሥሩ ካርቶን ያነጥፉለት እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል። የቆዩ ደንበኞች አልከዱም፤ መፍቻቸውን ይዘው ራሳቸው እየጠገኑ ይነዱ ነበር። አዲስ ደንበኛ ግን ከየት ይምጣ? በ1973 ከከባድ ሞተሮች ገበያ ከመቶ ሰባ እጅ በላይ የነበረው የሃርሊ ድርሻ በ1983 ወደ ሃያ ሦስት ግድም አሽቆለቆለ።

በ1981 አሥራ ሦስት የሥራ ኃላፊዎች ተበድረው ኩባንያውን ከኤ.ኤም.ኤፍ. ገዙት። ግዢው በተፈጸመ በሁለተኛው ዓመት መንግሥት እንዲደርስላቸው አቤት አሉ፤ ፕሬዚዳንት ሬገንም ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ ከውጭ የሚገቡ ሞተሮች ላይ 4.4 በመቶ የነበረውን ቀረጥ ወደ 49.4 በመቶ አስነሡት። ቀረጡ በየዓመቱ እየቀነሰ አምስት ዓመት የሚቆይ ነበር። ጃፓኖቹ ምን አደረጉ? ሆንዳ የ750 ሲሲ ክሩዘሩን ሞተር ቀነስ አድርጎ ከ700 በታች አወረደውና ከቀረጡ አመለጠ። አጥር ያጠረ ሁሉ እንቅልፍ አያገኝም።

"ኑ፣ ሞክሩት"

ሃርሊን ያዳነው ቀረጡ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን የሆነውን በቅደም ተከተል ማየት ይሻላል እላለሁ።

በመጀመሪያ ተፎካካሪያቸውን ሄደው አዩ። ኦሃዮ ውስጥ ሜሪስቪል ወደሚገኘው የሆንዳ ፋብሪካ የገቡት የሃርሊ ኃላፊዎች የረቀቀ ማሽንና ኮምፒዩተር ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ግን ንጹሕ ወለል፣ ጥቂት ወረቀትና ዕቃ በሚፈለግበት ሰዓት ብቻ የሚቀርብበትን ሥርዓት ነው። ተመልሰው የራሳቸውን ቤት ጠረጉ። ቀጥሎ በ1984 "ኢቮሉሽን" ያሉትን አዲስ ሞተር አወጡ፤ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ የማያንጠባጥብ፣ እምብዛም የማይግል።

ሞተሩ ተሠራ። ግን ማን ያምናል? አሥር ዓመት ሙሉ "ዘይት ያፈሳል" ሲባል የሰማ ሰው በጋዜጣ ማስታወቂያ ሐሳቡን አይለውጥም። እዚህ ላይ ነው የበቅሎ ገበያው ጥበብ የመጣው። በዚያው ዓመት ኩባንያው በቴሌቪዥን ጥሪ አስተላለፈ፤ መንጃ ፈቃድ ያለው ሞተረኛ ሁሉ፣ የማንም ፋብሪካ ደንበኛ ይሁን፣ አቅራቢያው ካለው ከስድስት መቶ በላይ ከሆኑት የሃርሊ ነጋዴዎች ወደ አንዱ ሄዶ አዲስ ሃርሊ በነፃ ይንዳ! በሦስት ቅዳሜና እሑዶች አርባ ሺህ ያህል ሰዎች ዘጠና ሺህ ያህል ጊዜ ነዱ። ከነጂዎቹ ግማሽ ያህሉ የሌላ ፋብሪካ ሞተር ባለቤቶች ነበሩ። ባለዕዳው ኩባንያ ለዚህ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ከሰከሰ።

ይኸው ልማድ በራሊዎቹ ሜዳ ላይ ሥር ሰደደ። ከመሥራቾቹ የአንዱ የልጅ ልጅ የሆነው ዊሊ ጂ. ዴቪድሰን ራሱ በየራሊው እየተዘዋወረ፣ ሰዎች ሞተራቸውን እንዴት እንደለዋወጡት እያየ ንድፍ ይሠራ ነበር። በሙከራው ሜዳ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰልፍ ይያዛል፤ መንጃ ፈቃድ ይታያል፤ "ብወድቅ የራሴ ጉዳይ" የሚል ወረቀት ይፈረማል። ከዚያ ጥቂት ሞተሮች በሰልፍ ሆነው ከፊት መሪ፣ ከኋላ ጠባቂ ተመድቦላቸው የተወሰነ መንገድ ዞረው ይመለሳሉ። የሩብ ሰዓት ነገር ነው። ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል፤ ጥቅሙም ማወዳደሩ ላይ ነው።

ታዲያ በሩብ ሰዓት ምን ይታወቃል? ብዙ ነገር! ሦስት መቶ ኪሎ የሚመዝን ብረት ቆሞ ሳለ ያስፈራል፤ ፍሪሲዮኑ ተለቆ ጎማው ሁለት ዙር እንደዞረ ክብደቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ኩርባ ላይ ሲያጋድሉት የእግር መርገጫው አስፋልቱን ይፍቃል፤ ክሩዘር የሯጭ ዕቃ አለመሆኑን ያን ጊዜ ይነግራል። ቀይ መብራት ላይ ሲቆም የማርሚታው ሙቀት ባት ያቃጥላል፤ መሪው እጅ ውስጥ ይርገበገባል። ይህ መርገብገብ አንዱን ነጂ ያሰለቸዋል፤ ሌላውን ይማርከዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሰውየው ራሱ እንኳ ሳይቀመጥ አያውቅም።

የ1984ቱ ሙከራ ወጪውን ወዲያው አልመለሰም። ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ ግን "ያን ጊዜ ነድቼው ነበር" እያሉ ለመግዛት የመጡ ነበሩ። ኩባንያው እስኪያገግም ድረስም ጉድ ሊሆን ነበር፤ አበዳሪው ባንክ ፊቱን በማዞሩ በ1985 የመጨረሻ ቀን ሌላ አበዳሪ ተገኝቶ ነው ከመክሰር የተረፈው። በ1986 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። በ1987 ደግሞ ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ጊዜው ሳይደርስ "ቀረጡ ይነሣልን" ብሎ ጠየቀ፤ ተነሣም።

ስለዚህ ቀረጡ ጊዜ ሰጠ እንጂ ሞተር አልሠራም። የሙከራው ግልቢያም ቢሆን ከኢቮሉሽን በፊት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ዘጠና ሺህ ጊዜ የሚንጠባጠብ ዘይት ማሳየት ይሆን ነበር። ባዕድን ኮርቻ ላይ የሚያስቀምጥ ሻጭ አስቀድሞ በቅሎዋን ያዳነ መሆን አለበት።

የድምፁ ክርክር

አሁን ወደ ዶቅዶቄ ልመለስ። የሃርሊ ድምፅ ወጥ አይደለም፤ ዶቅ... ዶቅ ብሎ ያርፍና ይደግማል። ምክንያቱ ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተራርቀው መቆማቸውና ሁለቱም ፒስተኖች፣ መካኒኮቻችን ኮሎ የሚሉትን ዘንግ፣ በአንድ ቦታ ላይ መያዛቸው ነው። ስለዚህ የሁለቱ ፍንዳታ እኩል ጊዜ አይራራቅም። ጃፓኖቹ ይህን እንደ ጉድለት ቆጠሩት፤ በ1983 የወጣው የሆንዳ ክሩዘር "ሻዶው" የፒስተኖቹ መያዣ ተለያይቶ ስለተሠራ ንዝረቱ የለዘበ ነበር። ኮርቻ ላይ የተቀመጡት ፈራጆች ግን ሌላ ፈረዱ። በ1995 ሆንዳ ከሻዶው አንዱን ዓይነት ሆን ብሎ በአንድ መያዣ ሠራው፤ የደከመለትን ልስላሴ ትቶ ዶቅዶቁን መለሰ። በቅሎን "አባትሽ ማን ነው?" ቢሏት "ፈረስ አጎቴ ነው" ያለችው ትዝ ይላል። የሚገርመው ሃርሊ ራሱ በ2000 አንዳንድ ሞተሮቹ ላይ ንዝረት የሚያስታግስ ማመዛዘኛ መግጠሙ ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ ተላለፉ ማለት ይቻላል።

በ1994 ሃርሊ ይህ ድምፅ በሕግ የእኔ ብቻ ይሁንልኝ ብሎ አመለከተ። ተፎካካሪዎቹ ተቃወሙ፤ ክርክሩ ስድስት ዓመት ፈጅቶ በ2000 ኩባንያው ማመልከቻውን አነሣ።

የተኛው ተፎካካሪም ተነሣ። ኢንዲያን በ2011 ፖላሪስ በተባለ ኩባንያ ተገዝቶ፣ አዲሱ ሞተሩ በ2013 ነሐሴ ለሕዝብ የታየው እዚያው ስተርጂስ፣ ሆኤል ኢንዲያን ይሸጥባት በነበረችው ከተማ ነው።

ሃርሊም በ2014 በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ዶቅ የማይል ሞተር አሳየ። ገና ለሽያጭ ሳያቀርበው ከከተማ ከተማ እያዞረ ሕዝቡ ነድቶ አስተያየት እንዲሰጥበት አደረገ። በ2019 በሠላሳ ሺህ ዶላር ግድም ገበያ ወጣ፤ ገዢው ግን ጥቂት ሆነ። የሞከሩት ፍጥነቱን አድንቀው፣ አመስግነው ሄደዋል። በበቅሎ ገበያም እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ተቀምጦባት፣ አስኪዷት፣ "መልካም በቅሎ ናት" ብሎ ልጓሟን ለባለቤቷ ይመልሳል። ባለቤቷም ልጓሙን ተቀብሎ ቀጣዩን ሰው ይጠብቃል።