የካሜራዎች ንጽጽር፦ ዋጋና የመውጫ ጊዜ ለምን ይወስናሉ?

በመቐለ የፎቶና ቪዲዮ ስቱዲዮ ለመክፈት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ካኖን፣ ኒኮን ወይስ ሶኒ ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ግን ሁለት ነገሮች ካልተጨመሩበት የሚያረካ መልስ አያገኝም፤ ካሜራው መቼ ወጣ? ዛሬስ በስንት ይሸጣል? ገበሬ የጥርን የጤፍ ዋጋ ከነሐሴው ጋር አስተያይቶ በእህሉ ጥራት ላይ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ ካሜራም ጊዜውና ዋጋው ሳይታይ ሊመዘን አይገባም።

ቀድሞ የወጣ መለኪያ ያቆማል

በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 የተባለውን ካሜራ፣ ያለ ሌንስ፣ በ2,000 ዶላር ገደማ አስተዋወቀ። ካሜራው ሁለት የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ ነበረው፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ የሠርጉ ምስል በሌላው ይተርፋል። ከስድስት ወራት በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ኒኮን ዜድ6ን በተመሳሳይ ዋጋ፣ ካኖን ደግሞ ኢኦኤስ አርን በ2,300 ዶላር ገደማ ይዘው ቀረቡ። ሁለቱም አንድ አንድ የካርድ ማስገቢያ ብቻ ነበራቸው።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየው ሶኒ «በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ይገኛል» የሚል መለኪያ ቀድሞ ስላቆመ ነው። በሌላ በኩል ዘግይቶ መምጣትም ጥቅም አለው፤ የቀደመውን አይቶ ለማረም ያስችላል። ኒኮን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ያወጣው ሁለተኛው ዜድ6 ዋጋው እምብዛም ሳይለወጥ ሁለተኛ ማስገቢያ ተጨመረለት። ያን ጊዜ ግን የሶኒው ካሜራ ከወጣ ሁለት ዓመት ተኩል አልፎት ስለነበር፣ የሁለቱ ንጽጽር በከፊል የአዲስና የነባር ንጽጽር ሆኖ ነበር።

ወደ መቐለ የደረሰበት ቀን

ለመቐለ ገዢ ወሳኙ ካሜራው በጃፓን የተዋወቀበት ቀን ሳይሆን በከተማዋ ገበያ የተገኘበት ቀን ነው። በዚያው ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተቀሰቀሰ፤ የባንክ፣ የስልክና የአየር በረራ አገልግሎቶችም ለረጅም ጊዜ ተቋረጡ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ መቐለ መብረር ጀመረ። በመካከሉ ሶኒ ተተኪውን ኤ7 ማርክ 4ን በ2,500 ዶላር ገደማ አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ሌላው ዓለም ነባር ያለው ካሜራ መንገዱ ተዘግቶበት ለቆየ ገዢ ገና አዲስ ነበር።

የብር ምንዛሪ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በዚህ ስሌት የ2,000 ዶላር ካሜራ ከ114,000 ብር ወደ 200,000 ብር ከፍ አለ ማለት ነው፤ ያውም ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር። የተለወጠው ምንዛሪው እንጂ ካሜራው አይደለም። እናም አንዱን ካሜራ ከለውጡ በፊት በነበረው ዋጋ፣ ሌላውን በዛሬው ዋጋ አነጻጽሮ «ያኛው ርካሽ ነው» ማለት ያሳስታል።

ከመግዛት በፊት

በመጀመሪያ የሁለቱም ካሜራዎች ዋጋ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ገበያ ይጠየቅ። በዋጋው ላይ የሌንስ፣ የተጨማሪ ባትሪና የሜሞሪ ካርድ ወጪ ይደመር። የቆዩ የካኖን ሌንሶች ያሉት ሰው በኢኦኤስ አር ላይ ለመጠቀም አዳፕተር እንደሚያስፈልገው ያስታውስ።

ያገለገለ ካሜራ ከሆነ ስንት ፎቶ እንዳነሣ የሚያሳየው የሹተር ቁጥር ይታይ። የኤ7 ማርክ 3ም ሆነ የዜድ6 ሹተር የተፈተነው ለ200,000 ጊዜ ነው፤ ቁጥሩ ወደዚያ የተጠጋ ካሜራ ዋጋው ዝቅ ሊል ይገባል።

አዲስ ሞዴል ሊወጣ ሲል የነባሩ ዋጋ የሚቀንስበት ጊዜ ስላለ መጠበቅ ሊያዋጣ ይችላል። ይሁንና የጥር ሠርግ ወይም የነሐሴ አሸንዳ ከተቃረበ፣ በመጠበቅ የሚተርፈው ገንዘብ ከሚታጣው ሥራ ጋር ይመዘን። በዚያን ጊዜ የተሻለው ካሜራ ሠርጉ ከመድረሱ በፊት በእጅ የገባው ሊሆን ይችላል።